ሱባኤ የመሰለኝ ክረምት

አል አይን ውስጥ፣ ከቴምር ዛፎቹ ሥር፣ ውሃ የሚሄድበት የድንጋይ ቦይ አለ። ውሃው ሲለቀቅ አንድ ሽታ ይወጣል፤ የእርጥብ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ ነገር፣ ፀሐይ አግኝቶት የማያውቅ አፈር። እዚህ ዓረብ አገር ከመጣሁ ወዲህ የሚሸት ነገር ናፍቆኝ ነበር። ልጄ የምትኖርበት ኸሊፋ ሲቲ ሁሉም ነገር ወይ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ወይ ደግሞ ምንም አይልም። ያን ዕለት ቦዩ ዳር ስደርስ ሽታው አፍንጫዬን ያዝ ሲያደርገው እግሬም አብሮ ቆመ። አውቀዋለሁ ይህን ሽታ። እናቴ በታመመችበት ክረምት ከነጠላዋ የማይጠፋው ሽታ ነው።

ግን ከመንገዱ ልጀምር። መኪና ውስጥ የሰማሁትን ካልተናገርኩ ሽታው ለምን እንዳቆመኝ አይገባም።

የመጣሁት አራስ ልጠብቅ ነው። ልጄ ሰናይት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ እናት ለመጀመሪያ አራስ ካልደረሰች ለምን ልትደርስ ነው። ሻንጣዬን በአጃ፣ በበሶ፣ በነጠረ ቅቤ ሞላሁት። መሐሉ ላይ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ የአገሬን ጠበል በሃይላንድ ይዤ መጣሁ። ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱ እንዳይቀር ነበር ጭንቀቴ።

ሰናይትና ባሏ ደረጀ አንድ ቪላ ውስጥ ከተከፋፈሉት ክፍሎች በአንዱ ይኖራሉ። እሱ የአንድ ትልቅ ቤት ሾፌር ነው። እሷ እስክትወልድ ድረስ የአንዲት ማዳም ልጆች ታሳድግ ነበር። እንደደረስኩ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ኤሲውን ማጥፋት ነው፤ አራስ ብርድ ይገባታል። መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ጋቢ ደረብኩባት። ሰናይት ከልጅነቷ አፍ ያላት ልጅ ናትና አሁን ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አላለችም። ላቧ በግንባሯ እየወረደ ግድግዳውን ታያለች።

ሕፃኗ ስታለቅስ ታነሳታለች፣ ታጠባታለች፣ መልሳ ታስተኛታለች። ጉድለት የለበትም። ግን «ልጅቱ ጠባለች»፣ «ልጅቱ ተኝታለች» ነው የምትለኝ፤ የማዳሟን ልጅ የምትጠብቅ ይመስል። ልጅቱ ስትተኛ እሷ አትተኛም። ድካም ነው አልኩ። ጠበሉን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ እሰጣታለሁ፤ እሱንም ሳትከራከር ትጠጣለች።

አንድ ቅዳሜ ደረጀ ከጓደኛው መኪና ተውሶ አየር እንቀይር ብሎ ወደ አል አይን ይዞን ወጣ። መንገድ ላይ ቤንዚን ሊቀዳ ቆመ፤ ሰናይት የሕፃኗን ዳይፐር ልትቀይር ወረደች። በሩ እንደተዘጋ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«እማማ፣ አትንገር ብላኛለች፤ እኔ ግን ልነግርዎት ነው። ሰናይት ታማለች።»

ከዚያ እየቸኮለ፣ በሩን በሩን እያየ፣ ሁሉንም አወጣው። እኔ ሳልመጣ፣ ሕፃኗን ሊያስከትቡ የሄዱ ቀን፣ ነርሷ የእኛው አገር ልጅ ኖራ ሰናይትን ጠየቀቻት አለ። እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ፣ የሚያስደስትሽ ነገር ያስደስትሻል ወይ፣ እንባ እንባ ይልሻል ወይ። ሰናይት እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሰች። ከዚያ ወደ ከተማው የሚያሻግረውን የመቅጣዕን ድልድይ አልፈው አንዲት ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟ ይህ ከወሊድ በኋላ ብዙ እናት የሚይዝ በሽታ ነው፣ ድብርትና ጭንቀት ይባላል፣ ይታከማል ብላ ከጡት ጋር የሚስማማ ክኒን ሰጠቻት። እየጀመረች ሳለ እኔ ጠበሌን ይዤ ደረስኩ።

«ጠበል እየጠጣሁ ክኒን አልውጥም ብላ ተወችው» አለ ደረጀ። «ለእርስዎም እንዳልነግር፣ እናቴ አብደሻል ትለኛለች ብላ ነው። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው፣ እማማ። ባለፈው፣ እኔ ባልኖር ልጅቱ ይሻላታል አለችኝ።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ሰናይት በሩን ከፈተች። ሕፃኗን አቀፈችና ወደ መስኮቱ ዞረች።  የቀረውን መንገድ ሁሉ በልቤ አንድ ነገር ብቻ አመላልስ ነበር፤ ይህን ነገር አይቼዋለሁ፣ የት ነው ያየሁት እያልኩ። እሱን ነው እንግዲህ ሽታው የመለሰልኝ።

አገሬ ከጎንደር በላይ ነው፤ ጭጋጉ ቤት ድረስ ገብቶ እንደ እንግዳ የሚቀመጥበት ደጋ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ፣ ገበያው መንገድ ዳር አስቀምጦ ይሰፋል፤ እኛ ከኋላው ባለች አንዲት ክፍል እንኖራለን። የዚያን ክረምት እናቴ ወንድሜን ወለደች። እኔ ጾም አልጀመርኩም ነበርና ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው።

የወለደች ሰሞን ደህና ነበረች። ከዚያ ቀስ እያለች ዝም አለች። አልጋዋ ፊት አባቴ ከጨርቅ ቁርጥራጭ የሰፋው መጋረጃ ነበር፤ ቀይ አለው፣ ካኪ አለው፣ የሰው ሱሪ ኪስ ሁሉ አለው። ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ያመጡላትን አትበላም። አባቴ ሲያናግራት ከሩቅ የተጠራች ይመስል ዘግይታ «እ?» ትላለች። ወንድሜ ሲያለቅስ ጡቷን ትሰጠዋለች፣ ዓይኗ ግን ግድግዳው ላይ ነው። አንዳንዴ እንባዋ ድምፅ ሳይኖረው ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ የአገራችን አሮጊቶች ሱባኤ ይይዛሉ። ከሰው ይለያሉ፣ አይናገሩም፣ ጥሬ ቆርጥመው ይውላሉ፣ እያለቀሱ ይጸልያሉ። እማሆይ የምንላቸው የአባቴ አክስት መነኩሴ ነበሩና በየዓመቱ እንዲህ ሲያደርጉ አውቃለሁ። እንግዲህ እኔም በልጅ ልቤ አሰላሁት። የማትናገር፣ የማትበላ፣ የምታለቅስ፣ ከሰው ፊቷን ያዞረች ሰው ምንድን ናት? እናቴ ሱባኤ ገብታለች! አራስ እንደማትጾም ሲባል ሰምቻለሁ፤ እሱ ግን አላስቸገረኝም። እናቴ ከሌሎቹ አራሶች ትበልጣለች ብዬ ጨረስኩት። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

በር ጠባቂ ሆንኩ። ጎረቤቶች ለአራስ የሚመጣውን ገንፎ፣ መሐሉ ጎድጉዶ ቅቤ የሞላውን ይዘው ሲመጡ ደጃፉ ላይ እጄን ዘርግቼ እቆማለሁ። እምዬ ሱባኤ ናት፣ አትናገርም እላለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ውዴ፣ አፏ የማይመለስ ሴት፣ ሳቀችብኝ።

«አራስ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሱባኤ የምትይዘው፣ አንቺ ቀላማጅ?»

ይህን ብላ አባቴን አየችው። አባቴ ጨርቁ ላይ ጎንበስ ብሎ መኪናውን ረገጠ። አላረመኝም። እኔ ዝምታው ምስክር መሰለኝ። አሁን ሳስበው የሚለውን ያጣ ሰው ነበር፤ ሚስቴ ምን እንደሆነች አላውቅም ከማለት ሱባኤ ናት ቢባል ይቀልለዋል። ከጎረቤቱ ግማሹ አመነ፣ ግማሹ ዛር ነው፣ ቡዳ ነው ብሎ ተንሾካሾከ። ያመነውም ያላመነውም ግን ገንፎውን እያስቀመጠ ከበሩ ይመለሳል። ሱባኤ የያዘ ሰው አይረበሽም። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሰው በሞላበት ሰፈር ብቻዋን ቀረች።

ገንፎውን ማን እንደበላው ልንገራችሁ? ሱባኤ የያዘ ቅቤ አይቀምስማ። አገር ሁሉ በጾም ሲከሳ የእኔ ጉንጭ ሞላ።

የወንድሜ አርባ ቀን እዚያው ጾሙ ሊያልቅ ሲል ዋለ። በዚያ ቀን እናትም ነጭ ለብሳ ከልጇ ጋር ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እማሆይ ሱባኤያቸውን ፈትተው ለክርስትናው ወረዱ። ረጅም ነበሩ፣ ድምፃቸው እንደ ወንድ ወፍራም። እንደለመድኩት ደጃፉ ላይ እጄን ዘርግቼ ያችኑ ቃሌን ነገርኳቸው። ጭንቅላቴን ዳሰስ አድርገው አለፉኝ። መጋረጃውን ገልጠው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና የእናቴን እጅ ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለአምላክሽ ምን ትዪዋለሽ ልጄ ብለው ጠየቋት።

«ምንም አልልም» አለች እናቴ። «ቃሉ አይመጣልኝም። ምንም አይመጣልኝም፣ እማሆይ። ልጄን ሳየው እንኳ ምንም አይመጣልኝም።»

ይህን ያህል ስትናገር ከሰማኋት ቆይቼ ነበር። ሱባኤዋን አስፈቱባት ብዬ እማሆይን በጣም ተቀየምኳቸው። እሳቸው ወደ በረንዳው ወጡ፤ አባቴ ተነሥቶ ቆመ።

«ሱባኤን እኔ አውቀዋለሁ» አሉት። «ይቺ ልጅ ታማለች። የታመመ ሰው በር ዘግታችሁ ነው የምታስታምሙት?»

አባቴ መቀሱን ይዞ አለቀሰ። አባት እንደሚያለቅስ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ወንድሜን ክርስትና አባቱ አቅፎ ወሰደው፣ እናቴ ቀረች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን እማሆይ ወደ ደብራቸው አልተመለሱም። መጋረጃውን ከነዘንጉ አውርደው አጣጠፉት፤ እኔንም ከበር ጠባቂነቴ ሻሩኝ።

ጾሙ እንደተፈታ ጠበል ወሰዷት። ጠበሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ገደሉ ሥር ነው፤ ውሃው ከዓለት መሐል ይወርዳል፣ ዙሪያው አረንጓዴ ነው፣ ያ ሽታ እዚያ ነው ያለው። ሰው ተሰብስቧል። የሚያጠምቁት አባ ውሃውን በራሷ ላይ እያወረዱ ማን ነህ፣ ተናገር፣ ልቀቃት እያሉ ይገሥፃሉ። ሌሎቹ ሲጠመቁ ይጮሁ ነበር፤ እናቴ ላይ የሚጮህ ነገር አልተገኘም። ቀዝቃዛው ውሃ በፊቷ እየወረደ በጣም ቀስ ብላ «ደክሞኛል» አለች። ይኸው ነው። ሰዉ የጠበቀው ነገር ሳይመጣ ቀርቶበት ወደሚቀጥለው ተጠማቂ ዞረ።

እኔ ግን አየሁ። እናቴ ደክሞኛል ስትል ከእግሯ ሥር፣ ከድንጋዩ ስንጥቅ፣ አንዲት እንቁራሪት ዘልላ ወጣችና ሣሩ ውስጥ ገባች። ወጣ! በሽታው ወጣ! በዓይኔ በብረቱ አየሁት። እየሮጥኩ ወደ ሰፈር ሄጄ ለእትዬ ውዴ ነገርኳት፤ ቀለሟን፣ መጠኗን፣ ዓይኗ እንዴት እንደሚጉረጠረጥ። በማግስቱ እናቴ ያው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትተኛ ያዘንኩትን ኀዘን አልረሳውም። እንቁራሪቷ ሌሊቱን መንገዱን አግኝታ የተመለሰች መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት አልጋው ሥር በሆዴ ተኝቼ እፈልጋት ነበር።

በዚያ ሰሞን ነው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሱሪ ሊያሰፋ የመጣው። አባቴ ወገቡን ሲለካው ወንድሜ ውስጥ ያለቅሳል፣ ያለቅሳል፣ የሚያባብለው እማሆይ ናቸው። ድሬሰሩ እናቱ የት ናት ብሎ ጠየቀ። አባቴ እንደ ሌላ ጊዜው አልሸሸም፤ ነገረው። ሰውየው እንዲህ ያሉ እናቶች ጎንደር ሆስፒታል ሲመጡ አይቻለሁ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ በሽታ ነው፣ ሐኪም ዘንድ ውሰዳት አለው። አባቴ ጠበል ላይ ናት ብሎ መለሰ። ጠበልና መድኃኒት አይቀላቀልም ይባላላ በእኛ አገር። ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን ይላል። ድሬሰሩ አልተከራከረም፤ ሱሪውን ሊወስድ ሲመጣ ደግሞ ጠየቀ፣ እንዴት ሆነች ብሎ።

ነገሩ በዚህ ተያዘ። እትዬ ውዴና መሰሎቿ ክኒን ከቀመሰች ጠበሉ ይሸሻታል አሉ። አባቴ ሁለቱንም ፈራ። እናቴን የጠየቃት የለም፤ እሷ እየከሳች ነጠላዋ ውስጥ ጠፍታለች። እማሆይ ተነሥተው የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄዱ። እኔም ቀሚሳቸውን ይዤ ተከተልኩ። ቄሱ አጥር እያጠሩ ነበር፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙና እንጨቱን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«እኔ ውሃውን እባርካለሁ፣ እማሆይ» አሉ። «ሆድ ውስጥ ገብቶ ከክኒን ጋር ሲጣላ ግን አይቼው አላውቅም። ይውሰዷት። ሁለቱንም ትጠጣ።»

እናቴና አባቴ፣ እማሆይም ወንድሜን አዝለው፣ በጭነት መኪና ጎንደር ወረዱ። እኔን እትዬ ውዴ ዘንድ ተዉኝ፤ እዚያ ደግሞ የሰፈሩን ሁሉ ወሬ በላሁ። እናትሽን መርፌ ሊወጓት ነው፣ አእምሮዋን ሊከፍቱት ነው ይላሉ። ሲመለሱ መጀመሪያ የእናቴን ጭንቅላት ዙሪያውን ዳሰስኩት፤ የተከፈተ ነገር የለም። የያዙት አንዲት ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ ነው፣ ውስጧ ነጫጭ ክኒን አለ። ሐኪሙ ይህ ዛሬ ተውጦ ነገ የሚያስነሳ አይደለም፣ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ደህና ሆንኩ ብላም በራሷ እንዳትተወው ብሏል። ብቻዋን አትዋል፣ ቀን ፀሐይ ትይ፣ ትራመድ፣ ሕፃኑን ሌላ ሰው እየያዘላት ትተኛ ብሏል። እማሆይ ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘውት መጥተዋል።

ለእኔም ሥራ ተሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት እማሆይ እናቴን ተነሺ ልጄ፣ ውሃ እንውረድ ይሏታል። አንዳንድ ቀን በአንድ ጥሪ ትነሣለች፤ አንዳንድ ቀን እማሆይ አጠገቧ ቁጭ ብለው፣ ሳይቆጡ፣ እስክትነሣ ይጠብቃሉ። ሦስታችን ወደ ጠበሉ እንወርዳለን። እኔ ጣሳ ይዣለሁ። ከዓለቱ ሥር ቀድቼ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ ጠብታ ሳላፈስ ለእናቴ መስጠት ነው ሥራዬ። እማሆይ ክኒኑን መዳፏ ላይ ያስቀምጣሉ፤ እናቴ ክኒኑን በጠበሉ ትውጣለች። እኔ ደግሞ ወዲያው መሬት መሬቱን አያለሁ። እንቁራሪቷ እናቴ ሆድ ውስጥ ልጆች ትታ ከሆነ ክኒኑ አንድ በአንድ ያስወጣቸዋል ብዬ ነዋ።

ምንም አልወጣም። መስከረም ገባ፣ አደይ አበባው መንገዱን ሞላው፣ እናቴ ያው ናት። ጣሳው ሰለቸኝ። እማሆይን መድኃኒቱ ውሸት ነው አልኳቸው። እስቲ ትናንት ስንት ጊዜ ተቀመጠች፣ ዛሬስ ስንት ጊዜ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በፊት ጠበሉ ጋ ለመድረስ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ትቀመጥ ነበር፣ አሁን ትልቋ ዋርካ ሥር ብቻ ነው የምታርፈው። እንዲህ ያለ ነገር በልጅ ዓይን አይታይም። እንቁራሪት ነዋ የምጠብቀው።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ደመናው ሸሽቶ ሰማዩ ጥርት ያለ ዕለት፣ ጣሳውን ስዘረጋላት እናቴ አልተቀበለችኝም። አየችኝ። አንገቴን አየችው፣ ጆሮዬን ወደ ኋላ ቆልመም አድርጋ አየችው።

«እማሆይ፣ ይቺን ልጅ የሚያጥባት የለም እንዴ?» አለች። «አንገቷ እኮ እርሻ ሆኗል! ነይ ወዲህ፣ አንቺ ቆሻሻ።»

እዚያው፣ በዚያ በሚያንገበግብ ውሃ፣ በነጠላዋ ጫፍ አንገቴን ፈተገችው። ቆዳዬ ተላጠ ብል ይሻላል። እየጮህኩ ነው፣ ግን ደግሞ ደስ ብሎኛል፤ ለምን ደስ እንዳለኝ አላውቅም። እማሆይ ጀርባቸውን አዙረው ዓለቱን ያዩ ነበር፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ዞር ሲሉ ይስቃሉ።

ከዚያ በኋላም መጥፎ ቀን ነበር፤ ግን መጥፎ ቀን መጥቶ ይሄዳል፣ አይተኛባትም። ወንድሜን መጀመሪያ ስትስመው አላየሁም። ስታማርርበት ነው የሰማሁት፤ ይሄ ልጅ አባቱን መስሎ አፍንጫው እንዴት ሰፋ ስትል። አባቴ በረንዳ ላይ ሆኖ ሰማና መኪናውን አቆመው። እስክትስቅ ጠበቀ፤ ሳቀች። ክኒኑን ሐኪሙ ይብቃ እስኪላት ዋጠችው። ከዚያ ነገሩ ተረሳ፤ ተረሳ ሳይሆን ተደበቀ። እናቴ ወባ የያዛት ጊዜ በቤታችን ሺህ ጊዜ ተወርቷል፤ ይህ ግን ከዚያ ክረምት በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልተነሣም። ሰናይት አያቷን በሳቂታነቷ ነው የምታውቃት።

ቦዩ ዳር ቆሜ ይህን ሳስብ ሰናይት አጠገቤ መጥታ ኖሯል። ደረጀ ሕፃኗን አቅፎ ከፊት ከፊት ይሄዳል። እጄን ውሃው ውስጥ ነከርኩና አሸተትኩት፤ እሷንም አሽትቺ አልኳት። ከዚያ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ይህንኑ እናንተን የነገርኳችሁን ነገርኳት፤ መጋረጃውን፣ ገንፎውን፣ እንቁራሪቷን። እንቁራሪቷ ጋ ስደርስ ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ስጨርስ ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«ደረጀ ነግሮሻል ማለት ነው» አለች።

«ነግሮኛል። አትቆጪው።»

«አያቴ አብዳ ነበር እንዴ?»

«አላበደችም። ታመመች፣ ታከመች፣ ዳነች። ከዚያ አንቺን ጀርባዋ ላይ አዝላ አሳደገችሽ።»

እጆቿን አየቻቸው። «እኔ እኮ ስይዛት የሰው ዕቃ የያዝኩ ነው የሚመስለኝ፣ እማዬ። እንዳልሰብራት ብቻ ነው የማስበው። እናት እንዲህ ናት?»

«የታመመች እናት እንዲህ ናት።»

ያኔ አለቀሰች። ድምፅ ያለው ለቅሶ ነበር፤ እኔም አላባበልኳትም፣ ጀርባዋን ይዤ ተቀመጥኩ። ቀለል ሲላት፣ ባልኖር ይሻላል የሚለው ሐሳብ ዛሬም ይመጣብሽ እንደሆነ ጠየቅኋት። ቃሉን ለማውጣት አፌ ከብዶኝ ነበር፤ ግን ካልተጠየቀ አይነገርም። ሌሊት ሌሊት ይመጣል፣ አሁን አንቺ ከመጣሽ ቀንሷል አለች። ሲመጣ ቀስቅሺኝ፣ እንቅልፌን ብትወስጂብኝ ግድ የለም፣ ለሐኪሟም ይህንኑ ትነግሪያታለሽ አልኳት። እሺ አለች። ከዚያ እንደ ሕፃን አየችኝና፣ ያ ከአያቷ የጠፋው ነገር ተመልሶ መጣላት ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«ቀስ ብሎ መጣ» አልኳት። «መጀመሪያ የመጣው ቁጣው ነው።»

በመኪናው ስንመለስ ደረጀ ነርሷ ዘንድ ደወለ። በማግስቱ አራታችንም ሐኪሟ ፊት ነበርን። እኔ ቋንቋውን አልሰማም፣ ፊት ግን አነባለሁ፤ ሐኪሟ አልተቆጣቻትም። ያን የሌሊቱን ሐሳብ ሰናይት ራሷ ነገረቻት። ሐኪሟ ብዙ ጠየቀቻት፣ ብዙ ሰማቻት፤ ክኒኑን እንዴት እንደገና እንደምትጀምር አስረዳቻት፤ ሐሳቡ ከበረታባት ቀን ከሌት ሳይሉ ወዲያው እንድትመጣ ለደረጀም ለእኔም አስጠነቀቀችን። የምታናግራት ሌላ ባለሙያም ቀጠረችላት። መጨረሻ ላይ ደረጀ፣ በውሃ ዋጪው እያለቻት ነው ብሎ ተረጎመልኝ። ውሃ እንኳ አለን አልኩ በልቤ።

ጠዋት ሃይላንዱን ከፍቼ በብርጭቆ ቀዳሁ። ያ ሽታ ክፍሏን ሞላት። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ጠብታ ሳላፈስ፣ ሰጠኋት። እጄ ሥራውን አልረሳም። ሰናይት ክኒኑን ምላሷ ላይ አድርጋ አማተበችና በጠበሉ ዋጠችው። እኔም ሳላስበው ወለሉን ወለሉን አየሁ። «እንቁራሪቷን ነው?» አለችኝ። ሳቀች ማለት አይደለም፤ ግን ብላኛለች።

ማታ ማታ ሕፃኗን ይዘን መንገዱን እንዞራለን፤ ቪላዎቹን፣ የመስጊዱን ጥግ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ሌሊት ሕፃኗን እኔ ጎን እያስተኛሁ እሷን አሳርፋታለሁ። ሁለት ጊዜ ቀሰቀሰችኝ፤ ተቀምጠን አወራን፣ ነጋ። ጠበሉ ሊያልቅ ሲል ውሃ እየጨመርኩ አበዛሁት። ወራት እንዲህ ሄዱ። እንዴት ናት ብትሉኝ የምነግራችሁ ነገር አልነበረኝም፤ ያው ናት። ብቻ መንገድ ስንዞር ድሮ ዝም ብላ ትከተለኝ ነበር፣ አሁን እኔ ነኝ ኋላ የምቀር።

ባለፈው ሳምንት ቀትር ላይ ነው። ሙቀቱ መጥቷል። እናትና ልጅ ተኝተዋል፤ እኔ ደግሞ ልማዴ ነው፣ ኤሲው ብርድ ይለቅባቸዋል ብዬ ቀስ አድርጌ አጠፋሁት፣ ጋቢዬንም ደረብኩባቸው። ትንሽ ቆይቶ ሰናይት ብድግ አለች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ዓይኗ ፈጧል።

«እማዬ! ይሄን ኤሲ ማነው ያጠፋው? ኸላስ በቃ፣ ስንቴ ልንገርሽ! ልጄን ልትቀቅያት ነው እንዴ?»

ልጄን አለች። ሕፃኗን ከጋቢው ውስጥ አወጣቻት፣ አንገቷን በመዳፏ ጠረገችላት፣ እፍ እፍ አለችባት፣ እኔን ደግሞ ገና እየተቆጣች ነው። እኔ ተነሥቼ ኤሲውን አበራሁት። ጋቢውን ከአልጋው ላይ አንሥቼ ራሴ ለበስኩትና ብርዱ ሥር ቁጭ ብዬ እስክትጨርስ ሰማኋት።